ለአርባ ልጅ የሚበቃ ዝምታ

የጀማሉ ጆሮ በሱዳኗ የድንበር ከተማ በገላባት ስም ነበራት። ሰውየው ራሱ ሃምሳን የተሻገረ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ድምፁ የማይሰማ የሬዲዮና የባትሪ ጠጋኝ ነው። በልጅነቱ ከቁርኣን ቤት ሌላ ትምህርት ቤት አልገባም። እንግሊዝኛውን ያገኘው ከሬዲዮ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሬዲዮ ሲጠግን፣ ጠግኖም ሲያበቃ «ትንሽ ልሞክረው» እያለ ባለቤቱ እስኪመጣ ሲያዳምጥ፣ ቃል በቃል እየለቀመ አጠራቀመው። ሲናገረው ይንተባተባል። ሲሰማው ግን አቻ የለውም።

የሚሰማው ደግሞ ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ቃሉ የመጣበትን መንገድ ነው። «ፖሊስ» የምትለዋን «ቦሊስ» ያለ እንደሆነ ሰውየው በአረብኛ ያደገ ነው። «ፎሊስ» ካለ ከቋራ ወይ ከአርማጭሆ ገጠር ነው። «ቪዛ»ን ሱዳኑ «ፊዛ»፣ የቆላው ገበሬ «ቢዛ» ይላታል። «ባንክ» ላይ ጭራ ቀጥሎ «ባንኪ» የሚል ትግርኛ አፉን የፈታ ነው። ውሃን «ወተርር» ብሎ መጨረሻዋን እንደ ሞተር የሚያንከባልላት ድሮ ህንድ መምህር ያስተማረው ሽማግሌ ነው፤ «ዎታ» ብሎ አፉን እንደከፈተ የሚተዋት በኬንያ በኩል ዞሮ የመጣ። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ልጅ ደግሞ አብራት ከሠራችው ፊሊፒናዊት ወርሳ ቃሉን ታዜመዋለች። ጀማሉ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው፣ ዝም ብሎ በማድመጥ ደረሰበት።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰሊጥ አጫጆች በትራክተር ተጭነው ከየእርሻው ወደ ገላባት ይመጣሉ። ሳሙና ይገዛሉ፣ ማጭድ ያስስላሉ፣ ስልካቸውን ጀማሉ ሱቅ ቻርጅ ላይ ይሰካሉ። ስልኩ እስኪሞላ ጨዋታ አለ። አዲስ የመጣ ሰው መሀል ይቀመጥና ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ይጠራል። ጀማሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰምቶ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነና ማን እንዳስተማረው ይናገራል። ከሳተ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል። በሁለት ዓመት ውስጥ የጋበዘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ሚስቱ ራሒማ ይህን ጨዋታ አትወደውም።

«ሰው የሸሸገውን ጎርጉሮ ማውጣት ምን ይባላል?» ትለዋለች። «የሰው ገመና የሸፈነን አላህ ገመናውን ይሸፍንለታል ሲባል አልሰማህም?»

«የምን ገመና አመጣሽ? ቃል ነው እኮ። ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ማን ላይ እንደሚያርፍ ጣዩም አያውቀውም።»

ጀማሉ ሶላት የማያጓድል፣ ሐሜት ሲጀመር ጫማውን አጥልቆ የሚነሳ ሰው ነው። ይችን ጨዋታ ግን ከሐሜት አልቆጠራትም። በዚህ ምድር ላይ የምታኮራው ነገር ብትኖር እሷ ብቻ ነበረች።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ዓርብ ታምሬ አሥራ አንድ ሰው አስከትሎ መጣ። ታምሬ ከቋራ የመጣ የአጫጆች አለቃ ነው፤ ሜዳ ላይ መጣራት ስለለመደ ሱቅ ውስጥም ይጮሃል።

«አያ ጀማሉ! ዛሬ ሻዩ ካንተ ነው!»

«ማንን ይዘህ መጥተህ ነው እንዲህ የምትፎክር?»

«ይኸን ዝምተኛ!» ታምሬ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነውን፣ ቀጠን ያለ ሰው ከኋላ ገፍቶ አስቀደመው። «ባንታምላክ ይባላል። ከሻውራ በኩል ነኝ ይላል። ሃያ ቀን አብሮን ሲያጭድ ሃያ ቃል አልወጣውም። እሱን ካወቅኸው ጆሮህን እስማታለሁ።»

«ወላሂ ይሄ ዙል፣ ይሄ ሰውዬ፣ ከትራክተሬ ያነሰ ነው የሚናገረው» አለ ሱዳናዊው ሾፌራቸው ሰላሃዲን፣ በተሰባበረ አማርኛው። «ትራክተሩ እንኳ ጠዋት ጠዋት ያስላል!»

ሳቅ ሆነ። ባንታምላክ ግን አልሳቀም። «ተወኝ ታምሬ» አለ። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም።»

«ከኛስ ማን ቆጠረ? ሦስት ቃል በልና ተቀመጥ! ወይስ ምላስህን ለምሥጥ አበላኻት?»

ገፋፉት። በመጨረሻ አንገቱን እንደደፋ «ፎሊስ» አለ። «ቢዛ» አለ። «ዎተር» አለ።

«ባላገር ነው! ጉድ እኮ ነው፣ ከኛ የባሰ ባላገር!» እያሉ ተንጫጩ።

ጀማሉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። «ከሻውራ ገጠር ነው፣ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም» ብሎ ጨዋታውን መዝጋት ይችል ነበር። ጆሮው ግን አላስቀመጠችውም። ቢዛ የሚል ባላገር ቃሏ መጣመሟን አያውቅም፤ እንደ እንጀራ ጉርሻ አፉን ሞልቶ ነው የሚላት። ይህኛው ግን እንደሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ እግር እንደሚያኖር ሰው፣ አስቦ፣ መርጦ ነው ያስቀመጣት። ሦስተኛዋን ቃል ደግሞ ማጣመሙን ረሳው፤ ጥርት ብላ ወጣች። ጀማሉ በልቡ «ይህ ሰው አውቆ ነው የሚያጣምመው» አለ። አውቆ የሚያጣምም ቀጥታውን የሚያውቅ ነው። ወዲያው አንድ ነገር ጠረጠረ፤ የጠረጠረውንም ሊያጠምደው ፈለገ።

«ቆይ ቆይ፣ አንድ ቃል ልጨምር» አለ። «ሬዲዮ ላይ የቀን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። ረቡዕን። ዌድ-ነስ-ደይ!»

ሆን ብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትክክል ሲጠሯት የሰማትን ቃል ሰብሮ መሀላቸው ጣላት።

«ዌድነስደይ!» አሉ አጫጆቹ እየሳቁ።

«ዌድነስደይ!» አለ ጀማሉ እንደገና፣ ጮክ ብሎ።

«ዌድነስደይ!» አሉ አሥራ አንዱም ባንድ አፍ።

ባንታምላክ ከንፈሩን ነከሰ። «ዌንዝደይ» አለ፣ ለመሬቱ የሚናገር ያህል ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ቀና አለ። እጁ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ በዝግታ ተነሳች። «ዌንዝ - ደይ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ፤ ብሎም ዝም አለ።

ጀማሉ ያንን ዝምታ ሰማው። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ዝምታው ይዘጋል፤ የዚህ ሰው ዝምታ ግን ክፍት ነበር፣ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። አርባ ልጅ ባንድ ድምፅ ተቀብሎ እስኪመልስ የሚበቃ ዝምታ ነበር።

«መምህር!» ብሎ ጀማሉ ጉልበቱን መታ። «መምህር ነህ! ወላሂ መምህር ነህ! አርባ ልጅ ፊትህ አስቀምጠህ የኖርህ ሰው ነህ!»

የባንታምላክ ፊት ገላውን ሲታጠብ በሩን የከፈቱበት ሰው ፊት ሆነ። አየር ላይ የቀረችውን እጁን በሌላኛው እጁ ያዘና፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ወደ ታች አወረዳት።

ማንም አልሳቀም። ታምሬ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እውነት ነው እንዴ?»

ባንታምላክ እጅጌውን እስከ ጣቱ ጎተተ።

«እውነት ነው … መምህር?»

«አስተምር ነበር» አለ። «ተኩሱ ትምህርት ቤቱን እስኪዘጋው።»

«እግዚኦ! እኔ ደግሞ ሃያ ቀን ሙሉ ‹አንተ ውሃ ቅዳ፣ አንተ ምን ይገትርሃል› ስል! እናትዎን ሳይቀር ሰድቤያለሁ እኮ። ይቅር ይበሉኝ።»

ይበሉኝ። ጀማሉ ቃሏን ሰማት። በአንድ ሻይ ዕድሜ ሰውየው ከአንተ ወደ አንቱ ተሻገረ። ባንታምላክም ሰምቷታል፤ ፊቱ ተኮማተረ።

«አንተ በለኝ፣ ስለ ማርያም። እንደ ትናንቱ።»

«ምን ሲደረግ! ተነስ አንተ፣ ወንበር ልቀቅላቸው!»

ስልኮቹ ሞልተው ሰዎቹ ወደ ትራክተሩ ሲሄዱ ባንታምላክ ኋላ ቀረ። ጀማሉ ገና ደስታው ከፊቱ አልጠፋም ነበር።

«አያ ጀማሉ» አለው ሰውየው፣ ያለ ቁጣ። «ምን በደልሁህ?»

«ኧረ ምንም! ጨዋታ እኮ …»

«አባቴ እርፍ ይዞ የኖረ ገበሬ ነው። ጥንድ በሬውን ሸጦ ነው ኮሌጅ የከተተኝ። ገዳሪፍ ከተማ ለስደተኛ ልጆች አስተምራለሁ ብዬ ነግሬዋለሁ። ለአገሩ ሁሉ እየነገረ ይኮራል። እኔ ማጨዱ አይደለም የከበደኝ። እሱ ይሰማብኛል ብዬ ነው አፌን ዘግቼ የኖርሁት። አሁን የዚህን ሁሉ ሰው አፍ ማን ይዘጋዋል?»

ጀማሉ ዘሎ ተነሳ። «ቆይ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አስምላቸዋለሁ» ብሎ በባዶ እግሩ ወደ ትራክተሩ ሮጠ። ታምሬ ተሳቢው ላይ ቆሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ለሻውራዋ አክስቱ ይጮህ ነበር። «መምህር እኮ ነው አክስቴ! ባንታምላክ ነው የሚባለው፣ የገብረስላሴ ልጅ! አብሮን ያጭዳል ብል ታምኛለሽ? እኔ ነኝ አለቃው!» ባንታምላክም ደርሶ ከተሳፈረ በኋላ ትራክተሩ አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ሁለት ቀን ጀማሉ ሬዲዮ አልከፈተም። ጠመንጃ ይዞ ሰው ያቆሰለ ይመስል ደንበኛ ሲመጣ ዓይኑን ይሸሽ ጀመር። ሲሰግድ «አላህ ሆይ ማረኝ» ይላል፤ ወዲያው ያች በአየር ላይ የቀረች እጅ ፊቱ ትደቀናለች። ለራሒማ ነገራት። እሷም «አላልሁህም?» አላለችውም፤ እሱ ግን ብትለው ይሻለው ነበር።

«የአላህን ሐቅ አላህ ይምርሃል» አለችው። «የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልማረህ ጫንቃህ ላይ ነው። ተነስና ሂድ።»

ሰኞ ጠዋት ሰላሃዲን ለእርሻው ውሃ ሲጭን ጀማሉ አብሮት ተሳፈረ።

«ሰዎቹ አብደዋል» አለው ሰላሃዲን በመንገድ ላይ። «ያንን ዙል ጥላ ሥር አስቀምጠውት እነሱ ያጭዳሉ። ሱልጣን አደረጉት። እሱ ደግሞ ሊሞት ደርሷል።»

እንዳለውም ነው። ሰዎቹ በፀሐይ ጎንበስ ብለው ሰሊጡን እያጨዱ ነዶ ያስራሉ፤ ባንታምላክ ከሳር በተሠራችው ዳስ ሥር ጀሪካን ላይ ተቀምጧል።

«ማጭዴን ደበቁብኝ» አለ ጀማሉን ሲያየው፣ ሰላምታም ሳይሰጠው። «ድርሻዬን እኩል ሊሰጡኝ ተማምለዋል። ያላጨድሁትን እንዴት እበላለሁ? ሲሰድቡኝ ሰው ነበርሁ። አሁን እንግዳ ነኝ።»

ጀማሉ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲመጣ በመንገድ ላይ ያሰናዳው ንግግር ነበረው፤ ተወው።

«አጥምጄ ነው የያዝሁህ» አለ። «ረቡዕን አውቃት ነበር። ሆን ብዬ ነው የሰበርኋት።»

«አውቄያለሁ።»

«አወቅህ?»

«ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ የሰማ ሰው ያችን አይስታትም። ወጥመድ መሆኑ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን መለስህልኝ?»

ባንታምላክ ወደ አጫጆቹ ተመለከተ። «ተቀበሉህ» አለ። «አሥራ አንዱም ባንድ አፍ፣ ተሳስተው፣ ሲጮኹ ሰማሁ። ቻለው ቻለው አልሁት ራሴን። አልቻልሁም።»

ጀማሉ አንገቱን ደፋ። አጥምዶ የያዘው የሰውየውን ውሸት መስሎት ነበር። ለካ በፍቅሩ በኩል ነው የያዘው።

በዚያ እርሻ ላይ የኢትዮጵያ የስልክ መስመር የምትገኘው አንዲት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ስልካቸውን እዚያ ግራር ላይ ያንጠለጥሉና የሚቀርበው ያነሳል። ያን ጊዜ አንዱ ስልክ ጮኸ። ታምሬ ሮጦ አየና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፤ «መምህር! አባትዎ ናቸው!»

ባንታምላክ አልተነሳም። «ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለ። «ሰምቶ ከሆነ ምን እለዋለሁ? ካልሰማስ በየትኛው አፌ እንደገና እዋሸዋለሁ?» ከዚያ ወደ ጀማሉ ዞረ። «አንተ ሂድ። የትምህርት ቤቱ ሰው ነኝ በለው። ክፍል ገብቷል በለው። ይቅርታ ልትጠይቅ ከመጣህ ካሳህ ይኸ ነው።»

ጀማሉ ከዚያች ከሰበራት «ረቡዕ» በቀር አውቆ የተናገረው ሐሰት ትዝ አይለውም። ጉብታውን እየወጣ «ያ ረቢ፣ አንዱን ጥፋት በሌላ ላጥብ?» ይል ነበር። ስልኩን አነሳው።

«ባንቴ?» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«አይደለሁም አባቴ። እኔ … የትምህርት ቤቱ …»

«ይተዉት» አለ ሽማግሌው በቀስታ። «ሰምቻለሁ። የታምሬ አክስት ቅዳሜ ገበያ ላይ ነግራኛለች።»

ጀማሉ ሁሉንም ሰማ። ሽማግሌው ከቤት ርቆ መቆሙን፣ ስልኩን በሁለት እጁ መያዙን፣ ከመደወሉ በፊት አልቅሶ ጨርሶ ጉሮሮውን መጥረጉን ሰማ። ምነው ባልሰማሁ አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ። የሸሸገውን ያወጣሁበት እኔ ነኝ።»

«ምኑን አወጡበት? ማጨድ አያሳፍርም፤ እኔም አጭጄ ነው ያሳደግሁት። ያፈርሁት በራሴ ነው። ልጄ እኔን ፈርቶ አገር ለአገር እየዞረ የሚዋሸው፣ እኔ ምን ዓይነት አባት ብሆን ነው?» ሽማግሌው ተነፈሰ። «እንደሰማሁ አይንገሩት። አይችለውም። ሥራውን ጥሎ እንኳን እኔ እናንተም የማታገኙት ቦታ ይሄዳል።»

«ምን ብሎሃል ልበለው ታዲያ?»

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ አፏጨ።

«ጠመኔ እጅ ያደርቃል» አለ ሽማግሌው። «ማታ ማታ የሰሊጥ ዘይት ይቀባ። እንዲህ ብሎሃል ይበሉት።»

ጀማሉ ከጉብታው ሲወርድ ባንታምላክ ከዳሱ ወጥቶ ቆሞ ነበር።

«ሰምቷል?»

ጀማሉ የተላከውን ብቻ ተናገረ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ጠመኔ እጅ ያደርቃል፤ ማታ ማታ የሰሊጥ ዘይት ይቀባ በለው አለኝ።»

ባንታምላክ እጆቹን አያቸው። የሰሊጡ አገዳ ሰነጣጥቋቸው፣ በስንጥቁ ውስጥ ጥቁር አፈር ገብቶ ነበር። ቀስ በቀስ ትከሻው ረገበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን ሳቀ።

«ጠመኔ አለ? አልሰማም! አልሰማም ማለት ነው! ድምፁስ? ደህና ነው? አንተ እኮ ድምፅ ታውቃለህ።»

«ነፋስ ነበር» አለ ጀማሉ። «አልለየሁትም።»

ባንታምላክ እጁን በሁለት እጆቹ ጨብጦ ትከሻውን ሳመው። «እግዜር ይስጥህ አያ ጀማሉ። ሸፈንህልኝ። ከእንግዲህ ቂም የለኝም።» ወዲያውም ወደ ማሳው ዞሮ ጮኸ፤ «ታምሬ! ማጭዴን አምጣ! ዛሬ ካላጨድሁ አብሬህ አልበላም!»

ታምሬ ራሱን እያከከ ማጭዱን ከነዶው ሥር አወጣ። «እንካ …» አለና ደነገጠ፤ «እንኩ መምህር።»

«እንካ በል!»

«እንካ … ይሁን፣ እንካ እሺ!» አለ ታምሬ፤ ሰዎቹ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ጀማሉ ይቅርታ ሊለምን መጥቶ ተመስግኖ ቀረ። ምስጋናው ከስድብ የከበደ ሸክም ሆነበት። ሰውየው የማረው ያላደረገውን ነገር አድርጎልኛል ብሎ ነው፤ እውነቱን ልንገረው ቢል ደግሞ የሽማግሌውን አደራ መብላት ነው። እስከ ዕድሜው ማብቂያ የሚይዘው ነገር ሆነ።

የዙሁር ሰዓት ደርሶ ነበር። ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቶ ውዱእ አደረገ፣ ከማሳው ዳር ነጠላ ጨርቁን አነጠፈና ቆመ። ሱጁድ ሲወርድ ግንባሩ ከጨርቁ አልፎ ከተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ አረፈ። ከኋላው የማጭዶቹ ድምፅ፣ የሰዎቹ መሰዳደብ ይሰማል። ሰላሃዲን ትራክተሩን አስነስቶ «ያ ጀማሉ! ተኛህ እንዴ? ልንሄድ ነው!» እያለ ተጣራ።

ጀማሉ ሰምቶታል። ፊቱን ከመሬት ለማንሳት ግን ገና ጊዜ አስፈልጎት ነበር።